አንድ ስሌት፣ ሁለት መልስ፦ የቀድሞዎቹ ሳይንቲፊክ ካልኩሌተሮች ትዝታና ዳግም መመለስ

ባለፈው ክረምት ከደሴ ተነሥቼ፣ ኮምቦልቻን አልፌ፣ የቦርከናን ሸለቆ ተከትዬ ወደ ከሚሴ ወረድሁ። በእህቴ ቤት ጥቂት ቀናት ለመሰንበት ነበር አካሄዴ። በዚያው ሰሞን በሰፈሩ መስጊድ አጠገብ ተጨማሪ የመስገጃ ክፍል ሊሠራ ታስቦ ስለነበር፣ ሽማግሌዎቹ የመሠረቱ ሲባጎ ከመወጠሩ በፊት ቂብላው፣ ማለትም ወደ መካ የሚያመለክተው አቅጣጫ፣ በስሌት እንዲረጋገጥ ፈለጉ። ሥራውም 12ኛ ክፍል ለሚማረው ለእህቴ ልጅ ተሰጠ።

ልጁ ቀመሩን ከእኔ ወስዶ ሁለት ጊዜ ሠራው፤ አንድ ጊዜ በእጅ ስልኩ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ እኔ ለከፍተኛ ትምህርት ወደ ውጭ ስሄድ በእህቴ ቤት ትቼው በሄድሁት አሮጌ የካሲዮ ካልኩሌተር። ብዙም ሳይቆይ ግራ ተጋብቶ ተመለሰ።

«አጎቴ፣ ስልኩ 0.0352 ይላል፤ የእርስዎ አሮጌ ማሽን ግን 0.2006 ይላል። የትኛውን ልመን?»

«አንተስ የትኛውን ታምናለህ?» አልሁት።

«ስልኩን ነዋ፤ አዲስ ነው» አለኝ።

ውድ አንባብያን፣ ይህ ጽሑፍ የተወለደው ከዚህች አጭር ንግግር ነው። ከሁለቱ መልሶች ትክክለኛው የትኛው እንደሆነ መጨረሻ ላይ አብረን እንደርስበታለን። ከዚያ በፊት ግን ያ በአሮጌ ጨርቅ ተጠቅልሎ የቆየ ማሽን ከየት እንደመጣ፣ በሆዱ ውስጥ ምን እንደሚሠራና፣ ስልክ ሁሉን ነገር በሚያሰላበት በዛሬው ዘመን የዚህ ዓይነቱ መሣሪያ የቀድሞ ሞዴሎች ለምን እንደገና እየተመረቱ እንደሚሸጡ እንመልከት።

ከሠንጠረዥ ወደ ቁልፍ

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በከሚሴ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ በነበረበት በ1980ዎቹ ዓ.ም. መገባደጃ፣ ሳይንቲፊክ ካልኩሌተር በአንድ ክፍል ውስጥ አንድ ወይም ሁለት ቢገኝ ነው። ባለቤቱ ስሙን በጀርባው ላይ በመርፌ ጭሮ ይጽፍበታል፤ ማሽኑም ከዴስክ ወደ ዴስክ እየተላለፈ ክፍሉን ሁሉ ያዳርሳል። ተራ ያልደረሰው ተማሪ የሒሳብ መጽሐፉን የመጨረሻ ገጾች ይገልጣል። በዚያ የሎጋሪዝም፣ የሳይንና የታንጀንት ሠንጠረዦች በደቃቅ አኃዝ ተደርድረው ይጠብቁታል።

የሠንጠረዡ አሠራር ቀላልና ድንቅ ነው፤ ማባዛትን ወደ መደመር ይለውጣል። ለምሳሌ 3.27ን በ48.6 ማባዛት ቢያስፈልገን፣ የመጀመሪያው ሎጋሪዝም 0.5145፣ የሁለተኛው 1.6866 መሆኑን ከሠንጠረዡ እናነባለን። ሲደመሩ 2.2011 ይሆናሉ። ወደ ኋላ ተመልሰን ሎጋሪዝሙ 2.2011 የሆነውን ቁጥር ብንፈልግ 158.9 እናገኛለን። ትክክለኛው ብዜት 158.922 ነው። አራት አኃዝ ላለው ሠንጠረዥ ይህ የሚያኮራ ውጤት ነው። በእሑድ የሰንበቴ ገበያ ወይም በሰኞ የባቲ ገበያ በጭንቅላታቸው ብቻ አስልተው ለሚነግዱት ሰዎች እንኳ የሚበቃ ትክክለኛነት ነው።

ስኮትላንዳዊው ጆን ኔፒር ሎጋሪዝምን ለዓለም ያስተዋወቀው እ.ኤ.አ. በ1614 ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላም እንግሊዛዊው ዊሊያም ኦትሬድ የሎጋሪዝም ልክ የተቀረጸባቸውን ሁለት ዘንጎች ጎን ለጎን በማንሸራተት ስላይድ ሩልን ፈለሰፈ። መሐንዲሶች ከሦስት መቶ ዓመት በላይ በዚህ መሣሪያ ድልድይ ሠርተዋል፤ ሞተር ነድፈዋል። ወደ ጨረቃ የተጓዙ የአፖሎ ጠፈርተኞች ሳይቀሩ አነስተኛ ስላይድ ሩል ይዘው ሄደዋል።

ስላይድ ሩልና ሠንጠረዥ አንድ የጋራ ጠባይ ነበራቸው። የነጥቡን ቦታ አይነግሩም። መልሱ 1.589 ይሁን 158.9 ወይም 15,890፣ ያን የሚወስነው ተጠቃሚው ነበር። ስለዚህም ማንኛውም ተማሪ ስሌቱን ከመጀመሩ በፊት «መልሱ በግምት ስንት ይሆናል?» ብሎ ራሱን ለመጠየቅ ይገደድ ነበር። ይህችን ልማድ አንባቢ በልቡ ይያዝልን፤ ወደ እሷ እንመለሳለንና።

በሸሚዝ ኪስ ልክ የተሰፋ ማሽን

የሂውሌት ፓካርድ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1968 ኤችፒ 9100ኤ የተባለ የጠረጴዛ ላይ ካልኩሌተር አወጣ። ማሽኑ 18 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝን የነበረ ሲሆን ዋጋውም 4,900 ዶላር ነበር። ከኩባንያው መሥራቾች አንዱ የሆነው ቢል ሂውሌት ማሽኑን ከተመለከተ በኋላ ለመሐንዲሶቹ ይህንኑ ሥራ የሚሠራ፣ ነገር ግን በሸሚዝ ኪስ የሚገባ መሣሪያ እንዲሠሩለት ጠየቀ። የገበያ ጥናት ያደረጉ ባለሙያዎች የዚህ ዓይነቱ ዕቃ ዋጋ ከስላይድ ሩል ጋር ሲነጻጸር እጅግ ውድ ስለሚሆን ገዢ አያገኝም የሚል አስተያየት ሰጡ። ሂውሌት ግን ሥራው እንዲቀጥል አደረገ።

ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1972 ለገበያ የቀረበው ኤችፒ-35 ነበር። ስሙን ያገኘው ከ35 ቁልፎቹ ነው። ሳይን፣ ኮሳይን፣ ታንጀንት፣ ሎጋሪዝምና ኤክስፖነንሻል የሚያሰላ የመጀመሪያው የእጅ ካልኩሌተር ሲሆን፣ አኃዞቹን በቀይ ብርሃን ያሳይ ነበር። 395 ዶላር ዋጋ ቢጠየቅበትም እ.ኤ.አ. በ1975 ምርቱ እስኪቆም ድረስ ከ300 ሺህ በላይ ተሽጧል። ሦስት መቶ ዓመት የኖረው ስላይድ ሩልም በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከመሐንዲሶች ጠረጴዛ ተሰናበተ። በ1970ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) ታላላቆቹ ስላይድ ሩል አምራቾች ሥራቸውን አቆሙ።

ማዕዘን እንደ ብር ሲመነዘር

ለመሆኑ ካልኩሌተር የ30 ዲግሪን ሳይን እንዴት ያውቃል? ብዙ ተማሪዎች በሆዱ ውስጥ ረዥም ሠንጠረዥ የተከማቸ ይመስላቸዋል። ነገሩ እንዲህ አይደለም። የዚያ ዘመን ቺፕ ለሠንጠረዥ የሚሆን ማኅደረ ትውስታ አልነበረውም። መፍትሔው የመጣው ጃክ ቮልደር ከተባለ መሐንዲስ ነው። ቮልደር ለአውሮፕላን አቅጣጫ መፈለጊያ መሣሪያ ሲል የቀመመውን ኮርዲክ የተባለ ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1959 አሳተመ። ኤችፒ-35ም የዚህኑ ዘዴ ዝርያ ተጠቅሟል።

ዘዴው ገንዘብ ከመመንዘር ጋር ይመሳሰላል። አንድ ነጋዴ 287 ብር ሲከፍል ከትልልቁ ኖት ይጀምራል፤ ሁለት መቶ ብር፣ አንድ ሃምሳ ብር እያለ ቀሪውን በትንንሹ ይሞላል። ካልኩሌተሩም ማዕዘኑን በተመረጡ «ኖቶች» ይመነዝራል። ኖቶቹ ታንጀንታቸው 0.1፣ 0.01፣ 0.001 እያለ የሚወርድ ማዕዘኖች ናቸው፤ ይኸውም 5.711 ዲግሪ፣ 0.573 ዲግሪ፣ 0.0573 ዲግሪ እያለ ይቀጥላል። ስለዚህ 30 ዲግሪ ማለት አምስት ጊዜ 5.711፣ ሁለት ጊዜ 0.573፣ አምስት ጊዜ 0.0573፣ እንዲሁም ሁለት ጊዜ 0.00573 ዲግሪ ሲደመር በጣም ጥቂት ቀሪ ማለት ነው።

ይህ ምንዛሪ ለምን ይጠቅማል? አንድን ቀስት በእነዚህ በተመረጡ ማዕዘኖች ማዞር የሚጠይቀው መደመርን፣ መቀነስንና የነጥብን ቦታ ማንሸራተትን ብቻ ስለሆነ ነው። በ0.1 ማባዛት ነጥቡን አንድ ቤት ወደ ግራ መግፋት እንደሆነ የሦስተኛ ክፍል ተማሪም ያውቀዋል። እንግዲህ ያ የሚያስደንቀን ሳይን በውስጡ የሚፈጸመው በእጅጉ ትሑት በሆኑ ድርጊቶች ነው። ማሽኑ ብልህ አይደለም፤ ፈጣንና ታጋሽ ነው።

«ሦስትንና አራትን ደምር»

ኤችፒ-35ን በእጁ የሚይዝ ሰው በመጀመሪያ የሚፈልገው የእኩል ይሆናል ምልክት ያለበትን ቁልፍ ነው፤ አያገኘውም። 3ንና 4ን ለመደመር 3 ብሎ ኢንተር የሚባለውን ቁልፍ ይጫናል፤ 4 ይጨምራል፤ በመጨረሻም የመደመር ቁልፍን ይነካል። ቁጥሮቹ ይቀድማሉ፤ ትእዛዙ ይከተላል። ይህ ሥርዓት የተገላቢጦሽ ፖላንዳዊ አጻጻፍ ይባላል። መነሻው ፖላንዳዊው የሥነ አመክንዮ ሊቅ ያን ውካሼቪች እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ያለ ቅንፍ ለመጻፍ የፈለሰፈው ዘዴ ሲሆን፣ እሱ ምልክቱን ያስቀድም ነበር፤ የካልኩሌተሮቹ ሥርዓት ደግሞ ያን ገልብጦ ምልክቱን ወደ መጨረሻ አመጣው።

ብዙ ፈረንጆች ይህ ሥርዓት ከተፈጥሮ አነጋገር ጋር የሚጋጭ ይመስላቸዋል። እኔ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ውጭ አገር ሳጠና በአንድ አዛውንት ፕሮፌሰር እጅ ሲሆን፣ ወዲያውኑ የራሴ ቋንቋ መስሎ ታየኝ። በአማርኛ «ሦስትንና አራትን ደምር፤ ውጤቱን በአምስት አባዛ» እንላለን። ግሡ መጨረሻ ላይ ይመጣል። በአፋን ኦሮሞም ግስ የሚቀመጠው በዐረፍተ ነገሩ መጨረሻ ነው። 3 ኢንተር 4 መደመር 5 ማባዛት የሚለው የቁልፎች ቅደም ተከተል የከሚሴ ልጅ በሁለቱም የአፍ መፍቻ ቋንቋዎቹ የሚያስብበት ቅደም ተከተል ነው። ሳያውቀው እየኖረበት ያለ ሥርዓት ነው ማለት ይቻላል።

በእህቴ ቤት የቀረው ካሲዮም በከፊል ይህን ጠባይ ይዟል። የዚያ ዘመን ባለ አንድ መስመር ማሽኖች 30 ተብሎ ከተጻፈ በኋላ የሳይን ቁልፍ ሲነካ 0.5 ያሳያሉ። የዛሬዎቹ ግን መጽሐፍ ላይ እንደተጻፈው መጀመሪያ ሳይን፣ ቀጥሎ 30 እንድንል ይጠይቁናል።

ማሽንም ይሳሳታል

የቀድሞዎቹን ካልኩሌተሮች የሚያፈቅሩ ሰዎች ዘወትር የሚያነሡት አንድ ታሪክ አለ። ኤችፒ-35 ገበያ ላይ ከዋለ በኋላ ጉድለት ተገኘበት። የ2.02ን የተፈጥሮ ሎጋሪዝም አስልቶ ወዲያው ወደ ኤክስፖነንሻል የመለሰ ሰው፣ የጀመረበትን 2.02 ሊያገኝ ሲገባው 2 ብቻ ያገኝ ነበር። በዚያን ጊዜ 25 ሺህ ያህል ማሽኖች ተሽጠው ነበር። ኩባንያው ጉድለቱን ለባለቤቶቹ አሳውቆ ማሽናቸውን ለማስተካከል ፈቃደኛ ሆነ። ልብ እንበል፤ ጉድለቱ የተገኘው ማሽኑን ወደ ፊት አስኪደው ወደ ኋላ በመለሱት ሰዎች ነው። አንድን ማሽን ለመፈተን ከዚህ የተሻለ ቀላል መንገድ የለም።

በዚህ መንፈስ የተቀመመ አንድ ታዋቂ ፈተና አለ። ማሽኑ በዲግሪ ላይ መሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ የ9ን ሳይን፣ የውጤቱን ኮሳይን፣ የዚያን ውጤት ታንጀንት እናሰላለን። ከዚያም በተገላቢጦሽ ታንጀንት፣ በተገላቢጦሽ ኮሳይንና በተገላቢጦሽ ሳይን ወደ ኋላ እንመለሳለን። ፍጹም ማሽን 9 ይመልሳል። እ.ኤ.አ. ከ1982 እስከ 1989 የተመረተው ኤችፒ-15ሲ ግን 9.000417403 ይላል።

ስሕተቱ ከየት መጣ? የ9 ዲግሪ ሳይን 0.156434 ገደማ ነው። የ0.156434 ዲግሪ ኮሳይን ደግሞ በአሥር አኃዝ ሲጻፍ 0.9999962727 ይሆናል። አምስቱ አኃዞች 9 ብቻ ናቸው፤ ስለ ማዕዘኑ የሚነግሩን ነገር የለም። የማዕዘኑን ማንነት የተሸከሙት የቀሩት አምስት አኃዞች ብቻ ናቸው። ስለዚህ አሥር አኃዝ ይዞ የገባው ማሽን አምስት አኃዝ ያህል ዕውቀት ይዞ ይወጣል። ይህ የማሽኑ ስንፍና ሳይሆን የስሌቱ ጠባይ ነው። የዛሬዎቹ ማሽኖች በውስጣቸው ተጨማሪ አኃዞች ስለሚይዙ መልሳቸው ለ9 እጅግ የቀረበ ነው። አንባቢ የራሱን ማሽን በዚህ ፈተና ይሞክረው፤ የሚያገኘው ቁጥር የማሽኑ የጣት አሻራ ነው።

ወደ እኛ ገበያ

የኤችፒ ማሽኖች በአገራችን የጥቂቶች ዕቃ ነበሩ። ወደ ተማሪው እጅ የደረሰው የዋጋው መውረድ ነው። ቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ እ.ኤ.አ. በ1976 ቲአይ-30ን በ24.95 ዶላር አቀረበ። ኤችፒ-35 ከወጣ ገና አራት ዓመቱ ነበር። ጃፓናዊው ካሲዮ፣ እ.ኤ.አ. በ1957 በ342 ሪሌዎች የሚሠራ የጠረጴዛ ካልኩሌተር በማውጣት የጀመረው ኩባንያ፣ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሳይንቲፊክ ካልኩሌተሮችን ማውጣት ጀመረ። ቀጥለው የመጡት የኤፍኤክስ ተከታታይ ማሽኖቹም ለብዙ የዓለም ተማሪዎች የካልኩሌተር ሌላ ስም ሆኑ።

ለእንደኛ ዓይነቱ አካባቢ ከዋጋው እኩል የሚጠቀሰው የኃይል ጉዳይ ነው። የኤችፒ-35 ቀይ መብራት ቻርጅ የተደረገውን ባትሪ በጥቂት ሰዓታት ይጨርሰው ነበር። በፈሳሽ ክሪስታል የሚሠራው ማሳያ ግን ብርሃን አያመነጭም፤ በላዩ የሚወድቀውን ብርሃን ይጠቀማል። በዚህም የተነሣ ማሽኑ የሚፈጀው ኃይል ከአንድ ሺኛ ዋት ያነሰ ነው። መብራት በጠፋ ቀን ስልክ ሲደክም፣ ባለ ፀሐይ ኃይሉ ካልኩሌተር በመስኮት ብርሃን ሥራውን ይቀጥላል።

እርግጥ ነው፣ የዋጋው መውረድ ጣጣም አምጥቷል። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለተማሪዎቼ ማሳያ እንዲሆን ከአንድ ሱቅ የታወቀ ስም የተጻፈበት ማሽን ገዛሁ። በግንባሩ ላይ ጠቆር ያለ የፀሐይ ኃይል ሰሌዳ ነበረው። ክዳኑን ስፈታው ከሰሌዳው የሚነሣ አንድም ሽቦ አልነበረም፤ ነገሩ የተለጠፈ ፕላስቲክ ነበር። ደግነቱ ስሌቱ ትክክል ነበር። ሰሌዳው ግን ለዓይን ብቻ የተሠራ ውሸት ነበር። ከዚያ ወዲህ ማሽን የምመርጠው በስሙ ሳይሆን በፈተና ነው።

ያረጀው ለምን ተመልሶ መጣ?

ከላይ የጠቀስነው አዛውንት ፕሮፌሰር በጠረጴዛው መሳቢያ ውስጥ አንድ ኤችፒ-15ሲ ነበረው። ኮምፒዩተሩ አጠገቡ በርቶ እያለ ማሽኑን አውጥቶ ቁልፎቹን ቀጭ ቀጭ ሲያደርግ ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ። ያ ማሽን ማትሪክስ፣ የኮምፕሌክስ ቁጥሮችና ኢንቴግራል የሚያሰላ ሆኖ በአንድ መዳፍ የሚያዝ ነበር። ምርቱ ከቆመ በኋላ ያገለገሉት ማሽኖች ዋጋ እያሻቀበ ሄደ፤ ፈላጊዎቹም እንደገና እንዲመረት ወተወቱ። በመሆኑም እ.ኤ.አ. በ2011 በተወሰነ ቁጥር፣ በ2023 ደግሞ ለሰብሳቢዎች በተዘጋጀ እትም ዳግም ተመረተ። ስዊስማይክሮስ የተባለ የስዊዘርላንድ ድርጅትም የቀድሞዎቹን የኤችፒ ማሽኖች ጠባይ የሚከተሉ ካልኩሌተሮችን ያመርታል። ኤችፒ-12ሲ የተባለው የፋይናንስ ካልኩሌተር ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1981 ጀምሮ ከገበያ አልወጣም። ካሲዮም የታወቁ የተማሪ ሞዴሎቹን «ሁለተኛ እትም» እያለ አውጥቷል።

ለፊዚክስ ሰው እዚህ ላይ የሚያስደስት ነገር አለ። ዳግም በተመረተው 15ሲ ውስጥ ያለው ቺፕ አዲስ ነው፤ ከቀድሞው በመቶ እጥፍና ከዚያም በላይ ይፈጥናል። የሚያስኬደው ፕሮግራም ግን የ1982ቱ ነው። አዲሱ ቺፕ የአሮጌውን ቺፕ ጠባይ እያስመሰለ የቀድሞውን ትእዛዝ ቃል በቃል ይፈጽማል። ስለዚህ ያን የዘጠኝ ፈተና ብንሰጠው አሁንም 9.000417403 ይለናል። አካሉ ተለውጦ ስሕተቱ ሳይቀር ተጠብቋል። ሰዎች የገዙት ፍጥነትን አይደለም። የሚያውቁትን ጠባይ ነው የገዙት።

ታዲያ ይህ የናፍቆት ገበያ ለእኛ ምን ይነግረናል? ከ100 ዶላር በላይ አውጥቶ አሮጌ ማሽንን በአዲስ ልብስ መግዛት ለከሚሴ ተማሪ ቅንጦት ነው። የእኛ ትውልድ ናፍቆትም የተለየ ነው። እኛ የምንናፍቀው የራሳችን ያልነበረውን፣ ተራ ጠብቀን ለአምስት ደቂቃ የምንይዘውን ማሽን ነው። እውነቱን ለመናገር ድህነቱን የሚናፍቅ ሰው የለም። ዛሬ እያንዳንዱ ልጅ በኪሱ ከኤችፒ-35 በብዙ ሺህ እጥፍ የሚበልጥ ማሽን መያዙ መልካም ነው። ነገር ግን ከዚያ ችግር ጋር አብሮ የሄደ አንድ መልካም ልማድ አለ። አምስት ደቂቃ ብቻ የተሰጠው ተማሪ ማሽኑ እጁ ከመድረሱ በፊት ቀመሩን አስተካክሎ፣ የመልሱን ግምት ይዞ ይጠብቅ ነበር። ማሽኑ የሚያረጋግጥለት አስቀድሞ ያሰበውን ነበር።

ወደ ከሚሴው ጥያቄ እንመለስ

የቂብላው ስሌት ይህን ይመስላል። የከሚሴ ኬክሮስ 10.72 ዲግሪ ሰሜን፣ ኬንትሮሷ 39.87 ዲግሪ ምሥራቅ ነው። የመካ ደግሞ 21.42 ዲግሪ ሰሜንና 39.83 ዲግሪ ምሥራቅ ነው። በኬንትሮስ የሚለያዩት በ0.04 ዲግሪ ብቻ ነው። ማለትም መካ ከከሚሴ ወደ ሰሜን በአንድ መስመር ላይ ያለች ያህል ናት፤ ርቀቷም 1,190 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

ቀመሩ የሚለው እንዲህ ነው። የከሚሴን ኬክሮስ ኮሳይን በመካ ኬክሮስ ታንጀንት አባዛ፤ ከዚህም ላይ የከሚሴ ኬክሮስ ሳይን በኬንትሮሶቹ ልዩነት ኮሳይን ተባዝቶ የሚገኘውን ቀንስ። በተገኘው ቁጥር የልዩነቱን ሳይን አካፍል፤ የውጤቱን ተገላቢጦሽ ታንጀንት ውሰድ። በቁጥር ሲሆን 0.000698 ለ0.1994 ሲካፈል 0.0035 ይሆናል፤ ማዕዘኑም 0.2006 ዲግሪ ነው። መካ ከከሚሴ በትንሹ ወደ ምዕራብ ስለምትገኝ፣ ቂብላው ከሰሜን ወደ ምዕራብ ሁለት አሥረኛ ዲግሪ ብቻ ያዘነብላል።

እንግዲህ ትክክለኛው አሮጌው ማሽን ነበር። ስልኩስ ተበላሽቶ ነበርን? አልነበረም። በስልኩ ማሳያ ጥግ ላይ ራዲያን የሚል ደቃቅ ምልክት ነበረ። ልጁ 10.72 ሲለው ዲግሪ ማለቱ ነበር፤ ማሽኑ ግን ራዲያን ብሎ ሰማው። ለተሳሳተ ጥያቄ ትክክለኛ መልስ ሰጠ። ሁለቱንም የ30ን ሳይን እንዲጠይቃቸው ነገርሁት። አሮጌው 0.5 አለ፤ ስልኩ −0.988 አለ። ልጁ ሳቀ፤ ነገሩ ወዲያው ገባው።

በጣም ያሳሰበኝ ግን ስሕተቱ ራሱ አይደለም። 0.0352 የሚለው ቁጥር ትክክል መምሰሉ ነው። ከሰሜን ጥቂት ዝንባሌ እንደሚጠበቅ ለሚያውቅ ሰው ምንም የሚያስደነግጥ ነገር የለውም። በከሚሴ ላይ የሁለቱ መልሶች ልዩነት ከአንድ አምስተኛ ዲግሪ ያነሰ ስለሆነ ግድግዳውን አያጣምመውም። ሆኖም ያው ልጅ በዚያው ስልክ የአዲስ አበባን ቂብላ ቢያሰላ ኖሮ 1.13 ያገኝ ነበር፤ ትክክለኛው ግን ከሰሜን ወደ ምሥራቅ 4.7 ዲግሪ ያህል ነው። ይህም ቁጥር እንዲሁ ትክክል ይመስላል። ነገ ይህ ልጅ የመድኃኒት መጠን ወይም የድልድይ ምሰሶ ሲያሰላ፣ ስሕተቱ እየጮኸ አይመጣም፤ እንዲህ ጨዋ መስሎ ነው የሚመጣው።

ሽማግሌዎቹ መልሱን ሲሰሙ ከመካከላቸው አንዱ ሼህ ፈገግ ብለው «አባቶቻችን በሰሜን ኮከብ ነበር የሚያዩት» አሉ። እውነታቸውን ነው። ቂብላው ከሰሜን በማይነጠልበት በከሚሴ፣ ከአድማስ 11 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ የሚታየው የሰሜን ኮከብ ለዓይን የሚበቃ መሪ ነው። የአሮጌው መስጊድ ግድግዳም በዓይን በሚለካው መጠን ከስሌቱ ጋር ተስማማ። የአዲሱ ክፍል ሲባጎም ከእሱ ጋር ትይዩ ሆኖ ተወጠረ።

እኛ ግን በሦስተኛ መንገድ ልናረጋግጥ ፈለግን። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ግንቦት 20 ገደማ በቀኑ 6 ሰዓት ከ18 ደቂቃ፣ ሐምሌ 9 ገደማ ደግሞ በ6 ሰዓት ከ27 ደቂቃ፣ ፀሐይ በመካ አናት ላይ ትቆማለች። በዚያች ቅጽበት ቀጥ ብሎ የተተከለ ዱላ ሁሉ ጥላውን ከመካ በተቃራኒ አቅጣጫ ይጥላል። በከሚሴ የአንድ ሜትር ዱላ ጥላ 19 ሴንቲ ሜትር ያህል ሆኖ ወደ ደቡብ ይተኛል። ለዚህ ካልኩሌተርም ኮምፓስም አያስፈልግም፤ ኮምፓስማ ከእውነተኛው ሰሜን በጥቂት ዲግሪ ከመለየቱም በላይ በአጠገቡ ያለ ፌሮ ያሳስተዋል። ሐምሌ 9 ቀን ዱላችንን ተክለን፣ የውኃ ልክ አስተካክለን ጠበቅን። ሰዓቱ ሲደርስ የክረምቱ ደመና ፀሐይዋን ሸፈናት።

ከመሰናበታችን በፊት

ውድ ተማሪዎች፣ ካልኩሌተር ስትገዙ ወይም ስልካችሁን ስትጠቀሙ ሦስት ነገሮችን ልማድ አድርጉ። መጀመሪያ የ30ን ሳይን ጠይቁት፤ 0.5 ካላለ አትቀጥሉ። ቀጥላችሁ መልሱን ወደ ኋላ መልሱት፤ ካሬ ሥር ያወጣችሁለትን ቁጥር ካሬ አድርጉት፤ ሎጋሪዝሙን የወሰዳችሁትን በኤክስፖነንሻል መልሱት። ከሁሉም በላይ ቁልፉን ከመንካታችሁ በፊት የመልሱን ግምት በወረቀት ጥግ ላይ ጻፉ። ስላይድ ሩል አባቶቻችንን ያስገደዳቸውን ነገር እኛ በፈቃዳችን እናድርገው።

ወደ ደሴ ስመለስ አሮጌውን ካሲዮ ለእህቴ ልጅ ተውሁለት። «ስልክ እያለህ ምን ያደርግልሃል?» ብዬ ብጠይቀው፣ «አንዱ ሲሳሳት ሌላው ይነግረኛል» አለኝ። ከእኔ የትምህርት ዓመታት ሁሉ ያጠረ፣ ግን የተሟላ መልስ ነው። ዱላውንም ከቤቱ ጥግ አቁሞታል። ግንቦት 20 ደመና የሚበዛበት ወቅት አይደለምና በ6 ሰዓት ከ18 ደቂቃ ጥላውን ለክቶ ሊጽፍልኝ ቃል ገብቷል። የከሚሴና የአካባቢዋ ተማሪዎችም እንዲሁ ቢያደርጉ፣ 19 ሴንቲ ሜትሩን አገኙ አላገኙም፣ ከማሽን ሁሉ በፊት የነበረውን ዳኛ ያገኙታል። እስከዚያው ሰላም እንሰንብት።